የመሸበት እንግዳ በነጭ ሳር

አማርኛችን «ማደር» በሚለው ቃል ላይ የጫነው ሥራ ብዙ ነው። ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደርክ?» እንባባላለን። ሰው ሌላውን ሲያገለግል «አደረለት» ይባላል። ላቡን አንጠፍጥፎ የሚበላው ሠርቶ አደር፣ አፈር ገፍቶ የሚኖረው አርሶ አደር፣ ከብቱን እየነዳ የሚኖረው አርብቶ አደር ነው። መሬት እንኳ ሳይታረስ ሲቀር «ጦም አደረ» እንላለን። እንግዲህ ማደር ማለት ጨለማን ማሳለፍ ብቻ አይደለም፤ መኖር ማለት ነው። ከመኖርም አልፎ «ለማንና በምን መኖር» የሚለውን ጥያቄ በሆዱ ይዟል።

ይህን ያነሣሁት በቃል ለመጫወት አይደለም። በአንድ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ደን ጥላ ሥር ማን ሊያድር ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የአገራችን ፓርኮች ታሪክ የታነጸበት ጥያቄ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ላይ አተኩራለሁ። አርባ ምንጭን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላየም በሥዕልና በወሬ ሰምቶታል። ሐይቅ አለ፣ ደን አለ፣ ድንኳን የሚተከልበት የወንዝ ዳር አለ። ከድንኳኑ ጀርባ ግን ሰው የማያነሣው ረዥም ታሪክ አለ።

የድንኳን ነገር

በድንኳን ወጥቶ ማደር፣ በዛሬው አጠራር ካምፒንግ የሚባለው፣ የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብለው የሚስቁ ጥቂቶች አይደሉም። «ቤት እያለው ሜዳ የሚያድር፣ ምን ነክቶት ነው?» ይላሉ። ይህ አባባል የገዛ ታሪካችንን መርሳት ነው። እኛ እኮ ለብዙ ምዕተ ዓመታት በድንኳን የምትዞር መንግሥት የነበረችን ሕዝብ ነን።

ቃሎቻችንን እንመልከት። ዛሬ የምንኖርበት «ሰፈር» ከ«ሰፈረ» የወጣ ነው፤ ሠራዊት የሰፈረበት ቦታ ማለት ነው። «ከተማ»ም ቢሆን በጥንቱ አነጋገር የንጉሥ ወይም የመኳንንት የጦር ሰፈር ነበር። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች በደጃፍ የሚዘምተው ወይም የሚሰፍረው ነበር። ማዕረጎቻችን የድንኳን ተራ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ያየውን ሲጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ የፍርድ አደባባዩ ሁሉ በየተራው የሚተከልና የሚነቀል እንደ ነበር መስክሯል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ የመንግሥቱ መቀመጫ በአብዛኛው ሸራና ካስማ ነበር።

ለመዝናናት ተብሎ የተተከለ ድንኳንም አለን፤ ያውም ታላቅ ውጤት ያስከተለ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ ዳር አረፉ። ቦታው ደስ አላቸውና ቤት ተሠራ፤ አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡለት። ስለዚህ ርዕሰ ከተማችን ራሷ ከፍል ውሃ ዳር አዳር የተወለደች ናት። ታዲያ ካምፒንግ የፈረንጅ ነው የሚል ሰው አድራሻው የት ነው?

ነገር ግን የድንኳኑ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም። ሠራዊት ሲሰፍር ማገዶ ይፈልጋል፣ ቀለብ ይፈልጋል። ንጉሡ ሲሰፍሩ ባላገሩ ያበላል። ደኑ ሲያልቅ፣ ጎተራው ሲራቆት ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላ አገር ይኬዳል። እንጦጦም በማገዶ ረገድ ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም፤ አዲስ አበባም ብትሆን ማገዶ አጥሯት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የት በነበረች? እንግዲህ ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ፦ በድንኳን የሚያድር ሰው የአዳሩን ዋጋ አንድ ሌላ ሰው ወይም አንድ ዛፍ ይከፍልለታል። ይህ ሕግ በንጉሥም ሆነ በሽርሽር ተጓዥ ላይ የማይለወጥ ነው።

ቦታው

ነጭ ሳር በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሰሜን አባያ፣ በደቡብ ጫሞ ተኝተዋል። አባያ ሙሉ በሙሉ በአገራችን ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት ቀዳሚው ነው፤ ውሃው ደለል ተሸክሞ ስለሚኖር ወደ ቀይነት ያደላል። ጫሞ ከእርሱ ያንሳል፤ ጥራቱ ግን ይበልጣል። ሁለቱን የሚለያቸው ቀጭን ኮረብታማ መሬት ነው። የአገሩ ሰው ይህን መሬት «የእግዜር ድልድይ» ብሎ ሰይሞታል። ከድልድዩ ባሻገር በምሥራቅ ሰፊው ሜዳ አለ። በበጋ ሳሩ ደርቆ ሲነጣ ለፓርኩ ስሙን የሰጠው እርሱ ነው።

ስም ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ያለፈው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር። ጫሞም በጣሊያኖች ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን በተገደለው በመስፍን ሩስፖሊ ስም ተጠርቷል። በባዕድ አገር ለአንድ ሌሊት ያደረ ሰው የሐይቅ ስም ለመለወጥ መድፈሩ ይገርማል! ደግነቱ አባያም ጫሞም ስማቸውን ይዘው ቀሩ።

ወደ ደኑ እንመለስ። ከሜዳው ወዲህ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ሥር፣ ቆላው በፀሐይ ሲነድ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም ደን አለ። ዝናብ በዝቶለት አይደለም። በጋሞ ደጋ ላይ የሚዘንበው ውሃ ወደ መሬት ሰርጎ፣ ከገደሉ ግርጌ እየፈለቀ ስለሚያጠጣው ነው። ለከተማው ስም የሆኑት አርባ ምንጮች እዚያው ደኑ ውስጥ ናቸው፤ የከተማውም የመጠጥ ውሃ ከነርሱ ይቀዳል። በደኑ ውስጥ ግዙፍ የሾላ ዛፎች ቆመዋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ዝንጀሮ፣ ጦጣና ድኩላ አይታጡም። የቁልፎ ወንዝ ደኑን ሰንጥቆ ወደ ጫሞ ይወርዳል። ጫሞ ከሚገባበት አጠገብ አዞዎች ፀሐይ የሚሞቁበት ስፍራ አለ፤ ሕዝቡ «የአዞ ገበያ» ይለዋል። በፓርኩ የሚያድር ሰው ድንኳኑን የሚተክለው በአብዛኛው በዚሁ በቁልፎ ዳር፣ በደኑ ጥላ ሥር ነው።

ለአዳሪ የሚጠቅም ሁለት ሦስት ነገር ላንሣ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሳር ለመጋጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ድንኳን ከውሃው አፍ ርቆ፣ ከጉማሬ መንገድ ወጥቶ መተከል አለበት። ዳር ላይ ቆሞ ልብስ ማጠብ ወይም መዋኘት አዞን መጥራት ነው። ምግብ ከድንኳን ውጭ የተወ ሰው ዝንጀሮን አይውቀስ። የወባ ትንኝም አለችና ያለ አጎበር አይታደርም። ይህን ሁሉ የአካባቢው ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ይማረዋል፤ ለእንግዳ ግን መንገር ያስፈልጋል።

ባለቤቶቹ

ፓርኩ ሲቋቋም ባዶ መሬት አልነበረም። በሜዳው ከብት የሚያረቡ የጉጂ ኦሮሞዎች ነበሩ። በምሥራቁ በኩል ወንዝ ተከትለው የሚያርሱ የኮሬ ሰዎች ነበሩ። በደጋው ጋሞዎች አሉ። ሐይቆቹም ባለቤት ነበራቸው፤ በአባያ ላይ የጊዲቾ ደሴት ነዋሪዎች በውሃ ላይ ከሚንሳፈፍ ቀላል ግንድ ታንኳቸውን እያሠሩ ይቀዝፋሉ። የጋንጁሌ ሰዎችም በጫሞ ደሴት ኖረው ኋላ ወደ ዳር የወጡ ናቸው።

መዝናናትም ቢሆን ከፓርኩ ይቀድማል። በፓርኩ ምሥራቃዊ ጫፍ ፍል ውሃ አለ። የአካባቢው ሰው ሊታጠብበት፣ ደዌውን ሊያስለቅቅበት ይወርዳል። ታጥቦ፣ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ጤናውን አግኝቶ ይመለሳል። ይህ መዝናኛ ካልሆነ መዝናኛ የሚባለው ምንድን ነው? በር የለው፣ ቲኬት የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ ስለዚህ በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም።

ደገኛው ግን በቆላ ማደርን አይወድም ነበር። ምክንያቱ ንዳድ ነው፤ ዛሬ ወባ የምንለው። ወርዶ ሥራውን ሠርቶ ሳይመሽ ይወጣል። የከብት ገንዲ የምታመጣውም ዝንብ ቆላውን ታስፈራ ነበር። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ደጋ ላይ ቆይቶ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ የወረደው፣ በወባ ላይ ዘመቻ በተከፈተበት ዘመን መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ሰው በቆላ ማደር ሲችል ከተማ ተቆረቆረ። ላይኛው ሸቻ፣ ታችኛው ሲቀላ ተባለ። ከተማው ሲያድግ ደኑ ጎረቤት አገኘ። ይህ ጎረቤት ማታ ማታ እሳት የሚያነድ ጎረቤት ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ስለ እንግዳ ሥርዓትም አንድ ቃል። በገጠራችን መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ፤ ቤት ለእንግዳ» ይላል። ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥበዋል፤ ያለውን ያበላዋል። እንግዳውም በበኩሉ ደንብ አለበት፤ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል። እንግዳ በአንደኛው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚባለውም ልኩን እንዲያውቅ ነው። በዚህ ሥርዓት ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደ ሆነ አይምታታም። በፓርኩ ታሪክ ግን ተምታታ።

ፓርኩ

የብሔራዊ ፓርክ ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው። የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። አመሠራረቱ ሲተረክ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 አሳሾች ሌሊት በካምፕ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው «ይህ መሬት ለማንም የግል ሀብት አይሁን፤ ለሕዝብ ሁሉ ይሁን» ብለው ተስማሙ ይባላል። ኋላ የተነሡ የታሪክ ሰዎች ወሬው በዚያ መልኩ መፈጸሙን ተጠራጥረዋል። ሆኖም ተረቱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ፓርክ ከድንኳንና ከእሳት ዳር ጨዋታ ተወለደ ማለቱ ነው። ተረቱ የማያነሣው ደግሞ አለ። በዚያ መሬት ሾሾኒዎችና ክሮዎች፣ ሌሎችም ነባር ሕዝቦች እሳታቸውን ያነዱ ነበር። «የሕዝብ ሁሉ» ሲባል እነርሱ ከሕዝብ አልተቆጠሩም፤ እንዲለቁ ተደረገ።

ይህ ሐሳብ ወደ አገራችን ሲገባ ይህንኑ ጉድለቱን ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኔስኮ አማካይነት ጁልያን ሀክስሌይ ያሉበት የባለሙያዎች ቡድን መጥቶ የዱር አራዊታችንን ሁኔታ አጠና። ቀጥሎ የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። አዋሽና ሰሜን እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። ነጭ ሳር የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት። ዋና ዓላማው በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን የስዋይን ቆርኬ ማዳን ነበር። ለዚህም ከሰንቀሌ ቆርኬዎች ተይዘው ወደ ነጭ ሳር ሜዳ ተዛውረዋል።

ዓላማውን ማንም አይነቅፍም። ቆርኬው ካለቀ አይተካም። ግን ያ ዓመትና የሚቀጥለው የምን ዓመታት ነበሩ? ተማሪው «መሬት ለአራሹ» እያለ የጮኸበት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት ዘመን ነው። መፈክሩ አራሹን በስሙ ጠራ። አርብቶ አደሩን ግን በስሙ አልጠራም። ከብት እየነዳ በክረምትና በበጋ ቦታ የሚለዋውጥ ሰው ለጽሕፈት ቤት ሰው «የሚያልፍ መንገደኛ» ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እርሱ አዳሪ ነው፤ አርብቶ አደር የሚለው ስሙ ራሱ ይናገራል። ቦታ የሚለዋውጠው ሳሩ እንዲያገግም ነው።

ውጤቱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ ዘመን ጉጂዎች በጠመንጃ አፈሙዝ ከሜዳው እንዲወጡ ተደረጉ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ተመለሱ። ያ የመመለስ ጊዜ ደግሞ ለፓርኩ ክፉ ጊዜ ሆነ፤ ሕዝብ የተቀማውን ሲያስመልስ ከቀማኛው ንብረት ለይቶ አይምርምና። እ.ኤ.አ. በ2004 መንግሥት ፓርኩን እንዲያስተዳድር ለአፍሪካን ፓርክስ ድርጅት ሊሰጥ ውል ገባ። በዚያው ዓመት ኮሬዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረጉ። በኅዳር 1997 ዓ.ም. ደግሞ ከ460 በላይ የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸውን የተፈናቃዮችን ጉዳይ የሚከታተሉ ዓለም አቀፍ ተቆርቋሪዎች ዘገቡ። ድርጅቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ፓርኩን ለቅቆ ወጣ።

ልብ በሉ። ለአንድ ሌሊት ድንኳን የሚተክለው «ጎብኚ» ተባለ፤ በክብር ተቀበሉት። በዚያው መሬት ጎጆውን የቀለሰው «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» ተባለ። ሰፈረ፣ ሰፋሪ፣ ሰፈር፤ ቃሉ አንድ ነው። ለንጉሥ ሲሆን ማዕረግ ሆነ፣ ለጎብኚ ሲሆን መዝናኛ ሆነ፣ ለጉጂው ሲሆን ወንጀል ሆነ። የመሸበት እንግዳ ባለቤት ሆኖ፣ ባለቤቱ ደጅ ቆመ።

እንስሳቱስ?

አንድ ሰው «እሺ፣ ሰው ተጎዳ፤ ቢያንስ አራዊቱ ተጠቀሙ» ሊል ይችላል። ቢጠቀሙ ኖሮ ክርክሩ ይከብድ ነበር። ግን አልተጠቀሙም። ፓርኩ የተቋቋመላቸው ቆርኬዎች ቁጥራቸው እየመነመነ ሄዶ በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። የነጩን ሳር ሜዳ ቁጥቋጦ እየወረረው ነው። ከምክንያቶቹ መካከል ከልክ ያለፈ ግጦሽ ይነሣል፤ ዱሮ አርብቶ አደሩ በየጊዜው ይለኩስ የነበረው የሳር እሳት መከልከሉም ይነሣል። የሜዳ አህያው ዛሬም አለ፤ ግን የሚሰማራበት ሜዳ እየጠበበ ነው። ከሐይቆቹም አባያን እምቦጭ ደርሶበታል፤ ከተራቆተው ደጋ የሚወርደው ደለልም አልቆመም። አራዊቱን ከሰው ነጥሎ ማዳን እንደማይቻል ይህ ብቻውን በቂ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ የአንዲት ወፍ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተማሪዎችና ባለሙያዎች በነጭ ሳር ጥናት ሲያካሂዱ፣ በመኪና መንገድ ላይ የተዳጠች ወፍ አገኙ። ፈረንጆች ናይትጃር ከሚሏቸው፣ ቀን ተኝተው ሌሊት ነፍሳት እየለቀሙ ከሚያድሩት ወገን ናት። ከአካሏ ለጥናት የሚሆን ሆኖ የተገኘው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከሌሎቹ ዝርያዎች ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟ «ሶላላ» በላቲን «ክንፍ ብቻ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ወፍ ፈላጊዎች ሌሊት በሜዳው ላይ መብራት እያበሩ ሲፈልጉ አየናት ብለዋል።

ይህች ወፍ በሌላው ዓለም ስትዘመር የእኛ ሰው ስሟን እንኳ አያውቅም። በሜዳው ሌሊቱን ሁሉ ከብት ሲጠብቅ ያደረው ጉጂ ስንት ጊዜ ከእግሩ ሥር ተነሥታ በርራበት ይሆን? ማን ጠየቀው? የሌሊትን ነገር የሚያውቀው ያደረበት ሰው ነው። እውቀቱን ከነሰውየው አስወጥተን፣ በኋላ ባትሪ ይዘን ፍለጋ እንገባለን።

እሳቱ

አሁን ወደ ደኑና ወደ ከተማው እሳት ልመለስ። የአርባ ምንጭ ደን ትልቁ ፈተና የማገዶ ጉዳይ መሆኑን ያጠኑት ሁሉ ይስማማሉ። ከደኑ እንጨት ተሸክመው የሚወጡት ድሆች ናቸው፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች። ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከቁመታቸው እየበለጠ፣ ወደ ላይኛው ከተማ ዳገቱን ይወጣሉ። ያ እንጨት የአንድ ቤት እራት ነው፤ የቀረው ተሸጦ የልጅ ደብተር ይሆናል። ጠባቂ ሲያገኛቸው ሸክማቸውን ያስጥላቸዋል።

በዚያው ማታ፣ በዚያው ደን ውስጥ፣ በቁልፎ ዳር ድንኳን የተከለ ወጣት ክብ ሠርቶ ተቀምጦ እሳት ያነዳል። ለምግብ አይደለም፤ ለጨዋታ ነው፤ ለጊታርና ለፎቶግራፍ። የሚነደው ግንድ የሴቲቱን ቤት ሦስት ቀን ያሳድር ነበር። ማንም «ሕገ ወጥ» አላለውም። ይህን የምለው ጨዋታን ጠልቼ አይደለም፤ እሳት ዳር ያልተጫወተ ተማሪ ማን አለ? ግን ሚዛኑ እንዲታይ ነው። የልብነ ድንግል ሰፈር ሲነቀል ባላገሩ ከባዶ ጎተራና ከጉቶ ጋር ይቀር ነበር። የእኛም ሽርሽር ሲያልቅ ዐመድና ጉቶ ትተን ከሄድን፣ ከዱሮው ሠራዊት በምን እንለያለን?

የደኑ ነገር ደግሞ የውበት ነገር ብቻ አይደለም። ምንጮቹን ጥላ ሆኖ የሚጠብቃቸው እርሱ ነው። ሾላው ሲወድቅ ምንጩ ለፀሐይና ለጎርፍ ይጋለጣል፤ የከተማው ቧንቧ ከምንጩ ነው። ስለዚህ ማገዶ የምትለቅመው ሴትና በቧንቧው የሚጠጣው ሹም አንድ ደን ላይ ተንጠልጥለዋል። እርሷን በዱላ ማባረር ምንጩን አላዳነም። ሌላ ማገዶ፣ ሌላ ምድጃ፣ ሌላ እንጀራ እስኪገኝላት ድረስም አያድነውም። በአዲስ አበባ ደኑን ያተረፈው ዘበኛ አልነበረም፤ ባሕር ዛፉ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ፓርክ ይፍረስ የሚል ሰው ካለ አልተግባባንም። የቆርኬ ዘር፣ የሾላ ደን፣ የአርባ ምንጮቹ ውሃ ለአንድ ትውልድ የሚተው ሀብት አይደለም። እኔ የምለው የእንግድነት ሥርዓቱ ወደ ቦታው ይመለስ ነው። የፓርኩ ገቢና ሥራ በቅድሚያ ለጎረቤቶቹ ይድረስ። ጉጂው መንገድ መሪ፣ ኮሬው ጠባቂ፣ የሲቀላዋ ሴት የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ብትሆን ደኑ ከጠላት ይልቅ ወዳጅ ያገኛል። ግጦሹ በስንት ከብትና በየትኛው ወራት እንደሚሆን ከራሱ ከአርብቶ አደሩ ጋር ይወሰን። ጉጂዎች በገዳ ሥርዓት መሬትና ውሃ ሲያስተዳድሩ ኖረዋል፤ ጋሞዎችም በዱቡሻ አደባባያቸው ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ፣ የተከበሩ ዛፎቻቸውን ሳያስነኩ ሲጠብቁ ኖረዋል። ጥበቃ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ልጥቀስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ፣ በሌላ አገር በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግፍ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱ ሳሩን ተሻግሮ አላለፈም፤ ተመለሰ። በዚያ አገር ሳር የከብት መኖ ብቻ አይደለም፤ ሳር ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ ከተማ ግርጌ የተዘረጋው ፓርክ ስሙ ነጭ ሳር ነው። በጠመንጃ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ያልተፈታው ነገር፣ በእርጥቡ ሳር በኩል መቼ ተሞከረ?

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ቀላል ነው። ለሽርሽር ስንወርድ ማገዶአችንን ወይም የጋዝ ምድጃችንን ይዘን እንውረድ፤ ከደኑ አንቁረጥ። ቆሻሻችንን ይዘን እንውጣ። መንገድ መሪ ስንቀጥር ከአካባቢው እንቅጠር፤ ዋጋውንም አንከራከረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያደርንበትን መሬት ባለቤት እንጠይቅ፤ ይህ ወንዝ ማን ይባላል፣ ይህ ዛፍ ለምን አይቆረጥም፣ ማታ የምትጮኸው ወፍ ምንድን ናት እንበለው። ባለቤቱ ይነግረናል። የመሸበት እንግዳ ወጉ ይህ ነው፤ ሲገባ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲያድር ደንብ ያከብራል፣ ሲነጋ መርቆ ይሄዳል።